ከ58 ኪሎ ወደ 5 ኪሎ፦ የማገዶ ሞተር መጋዝ መጠኑን ያገኘበት ታሪክ

የሞተር መጋዝ መጠን በሁለት ነገር ይነገራል፤ ሰንሰለቱ በሚዞርበት መሪ ብረት ርዝመትና በሞተሩ ይዘት። የመጀመሪያው በኢንች ወይም በሴንቲሜትር፣ ሁለተኛው እንደ ሞተር ብስክሌት በሲሲ ይለካል። ዛሬ ለቤት ማገዶ የሚሸጡት አብዛኞቹ መጋዞች ከ35 እስከ 50 ሴንቲሜትር የሚረዝም መሪ ብረትና ከ35 እስከ 60 ሲሲ የሚደርስ ሞተር አላቸው። ክብደታቸው፣ መሪ ብረቱና ሰንሰለቱ ሳይቆጠር፣ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ነው። ይህ ልክ ረጅም ዘመን በፈጀ ክርክር የተገኘ ነው፤ በክብደትና በጉልበት፣ በግንዱ ውፍረትና በሰው ክንድ አቅም መካከል የተደረገ ክርክር። መሣሪያው ሲወለድ የታሰበው ለጫካ ኩባንያዎች ነበር፤ ለክረምት ማገዶውን ራሱ የሚቆርጠው ቤተሰብ ወደዚህ ታሪክ የገባው ዘግይቶ ነው። ልኩን ግን በመጨረሻ የወሰነው እሱ ነው።

የማገዶ ጉማጅ ርዝመት አስቀድሞ የተወሰነው በምድጃው ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የሰሜን አሜሪካው የኒው ኢንግላንድ ገበሬ ቤቱን የሚያሞቀው በግድግዳ ውስጥ በተሠራ ሰፊ ክፍት ምድጃ ነበር። እንዲህ ያለው ምድጃ አብዛኛውን ሙቀት በጭስ መውጫው ስለሚያስወጣ እንጨት የሚበላው ያለ ልክ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት 20፣ 30፣ አንዳንዱም 40 ኮርድ ያነድ ነበር። ኮርድ 4 ጫማ ወርድ፣ 4 ጫማ ቁመትና 8 ጫማ ርዝመት ያለው የእንጨት ክምር ነው፤ 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። የምድጃው አፍ ሰፊ በመሆኑ ረጅም ግንድ ሳይጎመድ ይገባበታል፤ ስለዚህ ከመጣል እስከ መፍለጥ ያለው ሥራ ሁሉ በመጥረቢያ ያልቅ ነበር።

ደኑ ከከተሞቹ እየራቀ ሲሄድ ነገሩ ተለወጠ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለ አዲሱ የብረት ምድጃው እ.ኤ.አ. በ1744 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቀድሞ በየሰው ደጅ ይገኝ የነበረው ማገዶ ለአንዳንድ ከተሞች 100 ማይል ከሚጠጋ ርቀት መምጣት እንደ ጀመረ ያትታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ዝግ የብረት ምድጃ በየቤቱ ተስፋፋ። ይህ ምድጃ በትንሽ እንጨት ብዙ ሙቀት ይሰጣል፤ በሩ ግን ጠባብ፣ ሆዱም አጭር ነው። 4 ጫማ ሆኖ ከጫካ የሚመጣው እንጨት ለሦስት መቆረጥ ነበረበት፤ እያንዳንዱ ጉማጅ 16 ኢንች ወይም 40 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ የ40 ሴንቲሜትር ልክ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ብዙ የምድጃ ሠሪዎችና ማገዶ ሻጮች አሁንም በእሱ ይሠራሉ።

ምድጃው እንጨት ቆጠበ፤ የቁርጡን ቁጥር ግን አበዛው። በመጥረቢያ የሚጎመድ ግንድ በየቁርጡ ሰፊ ቦይ ይወጣለታል፤ ከዚያ ቦይ የሚወጣው ስንጥር የድካምም የእንጨትም ብክነት ነው። ግንዱ በየ40 ሴንቲሜትሩ የሚቆረጥ ከሆነ ብክነቱ ችላ የሚባል አይሆንም። መጋዝ የሚያወጣው ብናኝ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በእንጨት ማቀፊያ የተወጠረ ቀጭን መጋዝና እንጨቱ የሚጋደምበት መስቀለኛ መደገፊያ በየገበሬው ግቢ የማይታጡ ዕቃዎች ሆኑ። ለወፍራም ግንድ ደግሞ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ የሚስበው ረጅም መጋዝ ነበር። በዚህ መጋዝ የሚሠሩ ሰዎች መጠንን የመምረጥ ነገር በሚገባ ያውቁት ነበር፤ መጋዙ ከግንዱ ውፍረት በላይ በሁለቱም ወገን ትርፍ ርዝመት ከሌለው ብናኙን አያወጣም፤ ትርፉ ከበዛ ደግሞ ምላጩ ይልፈሰፈሳል፤ ድካሙም ለከንቱ ነው።

በአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ማገዶን የበለጠው በ1885 ገደማ ነው። ይሁን እንጂ በገጠር እንጨት ዋናው ማገዶ ሆኖ ቀጠለ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ ሲሊንደር ያለው የነዳጅ ሞተር ወደ እርሻ ሲገባም ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ማገዶ መቁረጥ ነበር። ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ተለመዱ። አንደኛው በቺንጊያ የሚነዳ ክብ መጋዝ ነው፤ መከላከያ የሌለው ክብ ምላጭ በባዶ አየር ላይ ይሽከረከራል፤ ሰው ቆሞ ረጃጅሙን እንጨት በእጁ ይመግበዋል። ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነበር፤ ጣትና ክንድ የቀረበትም ብዙ ነው። ሁለተኛው ጎታች መጋዝ ነው። ይህ የሁለት ሰው መጋዝን አንዱን ጫፍ ከሞተር ጋር አጋብቶ ምላጩን ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅስ ማሽን ሲሆን፣ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማና በካንሳስ ግዛት በኦታዋ ከተማ የነበሩ ፋብሪካዎች በብዛት አምርተውታል። ማሽኑ ከወደቀው ግንድ አጠገብ ተጎትቶ ይተከላል፤ አንድ ቁርጥ ሲያልቅ እንደገና ይጎተታል። በሁለቱም ዘዴ ሞተሩ ለሰው አልቀለለም። ወይ እንጨቱ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ወይ ማሽኑ በጉልበት ይጎተታል።

ችግሩን የፈታው ጥርስ ያለው ሰንሰለት ነው፤ የዚህ ሐሳብ መነሻ ግን ከጫካ ሳይሆን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጆን አይትከንና ጄምስ ጄፍሬይ የተባሉ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች አጥንት ለመቁረጥ የሚተጣጠፍ፣ በሁለት እጀታ የሚሳብ ትንሽ ባለጥርስ ሰንሰለት አስተዋወቁ። በ1830 ደግሞ በጀርመን የቩርትስቡርግ ሰው የሆነው በርንሃርድ ሃይነ ሰንሰለቱን በመሪ ብረት ዙሪያ በእጅ መዘውር የሚያሽከረክር መሣሪያ ሠራ። የዛሬው መጋዝ ቅርጽ፣ መሪ ብረቱና ዙሪያውን የሚሮጠው ሰንሰለት፣ በዚያ ትንሽ የሕክምና መሣሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ይታያል። የጎደለው ጉልበት ነው።

ሰንሰለቱን ለዛፍ ለማዋል ያሰቡት ሰዎች ዓይናቸው ያረፈው በትልቁ ዛፍ ላይ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮው ሳሙኤል ቤንስ በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት መጋዝ የታሰበው የካሊፎርኒያን ቀይ ዛፎች ለመቁረጥ ነበር፤ ከእነዚህ ዛፎች ግንዳቸው ከ5 ሜትር በላይ የሚሰፋ አሉ። እንዲህ ባለ ሐሳብ የተወለደ መሣሪያ ትንሽ ሊሆን አይችልም። በ1926 አንድሬያስ ሽቲል በጀርመን ከተማ በሽቱትጋርት የሠራው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋዝ ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሚያዘውም በሁለት ሰው ነው። በዓመቱ ኤሚል ሌርፕ በነዳጅ የሚሠራውን መጋዙን በቱሪንገን ዶልማር በተባለ ተራራ ላይ ሞከረ፤ ኩባንያውም በኋላ በተራራው ስም ተጠራ። የሌርፕ መጋዝ 58 ኪሎ ነበር። ሽቲል በ1929 ያወጣው የነዳጅ መጋዝ 46 ኪሎ መዝኖ 6 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ግንድ ተጓጉዞ በሚከመርበት ግቢ ጠቅሟል፤ ጫካ ውስጥ ግን ሽቦ የለም፤ ነዳጁ ያሸነፈው በዚህ ነው።

እነዚህ መጋዞች ለማገዶ ቆራጭ ምንም አልነበሩም። ለአንድ ቤት ማገዶ ሁለት ሰው፣ ብዙ ገንዘብና 50 ኪሎ ብረት ማን ያንቀሳቅሳል? ያኔ ስለ ትክክለኛው መጠን መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም፤ ያለው መጠን አንድ ነው፣ እሱም ከባድ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከጀርመን ወደ ሰሜን አሜሪካ ይላክ የነበረው መጋዝ ተቋረጠ። የአሜሪካና የካናዳ ፋብሪካዎች ክፍተቱን ለመሙላት የየራሳቸውን መሥራት ጀመሩ፤ ለአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የዲስተን ኩባንያ ኪክሃፈር በተባለ ኩባንያ ሞተር የሚሠሩ የሁለት ሰው መጋዞችን አቀረበ። ጦርነቱ ሲያበቃ የመሣሪያው ፍላጎትም፣ ቀላል ሞተር የመሥራት ልምድም ነበር። ሁለት ነገሮች ብቻ ቀርተው ነበር፤ ሰንሰለቱና ካርቡራተሩ።

የቀድሞው ሰንሰለት ጥርሶች የእጅ መጋዝን ጥርስ የመሰሉ ነበሩ። አንዳንዱ ጥርስ እንጨቱን ይጭራል፤ ሌላው የተጫረውን ይጠርጋል። ቶሎ ይደንዛሉ፤ ለመሳልም ብዙ ጊዜና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ። ከሁሉ በላይ፣ በመቧጨር የሚሠራ ጥርስ የሞተሩን ጉልበት ያባክናል፤ ጉልበት የሚያባክን ሰንሰለት ደግሞ ትልቅ ሞተር ይጠይቃል፤ ትልቅ ሞተር ማለት ክብደት ነው። ስለዚህ መጋዙን ያከበደው ከሞተሩ ይልቅ ጥርሱ ነበር ማለት ይቻላል።

መፍትሔው የመጣው ከማገዶ ነው። በ1946 መጸው ጆሴፍ ኮክስ የተባለ የኦሪገን እንጨት ቆራጭ ማገዶ ሲፈልጥ በአንድ ጉቶ ውስጥ እንጨት የሚበላ የጥንዚዛ እጭ ተመለከተ። እጩ ጣት ያክላል፤ ጤናማውን እንጨት በጭረቱ አቅጣጫም ሆነ ከጭረቱ አግድም እንደ ልቡ እየቦረቦረ ይሄዳል። ኮክስ አጉልቶ ሲመረምረው የእጩ መንጋጋዎች ግማሽ ክብ የሆኑ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የሚቆርጡ ሆነው አገኛቸው። ይህን ቅርጽ በብረት ለመቅዳት ተነሣ፤ በ1947 በፖርትላንድ በቤቱ ምድር ቤት የሠራውን ሰንሰለት መሸጥ ጀመረ። የኮክስ ጥርስ እንጨቱን ከመቧጨር ይልቅ እየላጠ ያነሣዋል፤ ከፊቱ ያለችው ትንሽ ጉብታ ጥርሱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ትወስናለች። በክብ ሞረድ፣ እዚያው ጫካ ውስጥ፣ በጥቂት ደቂቃ ይሳላል። የዛሬው የመጋዝ ሰንሰለት ሁሉ ከዚህ ጥርስ የተወለደ ነው። በዚህ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ከየትኛውም ሞተር ይልቅ ለማገዶ ቆራጩ የጠቀመው ይህ ፈጠራ ነው፤ በትንሽ ሞተር ብዙ እንጨት መቁረጥ የተቻለው ከእሱ ወዲህ ነውና።

ካርቡራተሩ የነበረበት ችግር ሌላ ነው። የድሮው ዓይነት ነዳጁን የሚመጥነው በተንሳፋፊ ስለነበር ሞተሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። ዛፍ ሲጣል መሪ ብረቱ ይጋደማል፤ የወደቀ ግንድ ሲጎመድ ይቆማል። ሞተሩ መጋደም ስለማይችል መሪ ብረቱ ብቻውን የሚዞርበት ተጨማሪ ማጠፊያ ያስፈልግ ነበር፤ ያም ክብደት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነዳጁን በስስ ተጣጣፊ ሽፋን የሚመጥን ካርቡራተር ሲመጣ መጋዙ ተጋድሞም ተገልብጦም መሥራት ቻለ። የሞተሩ አካል ከቀላል ብረት፣ በተለይ ከማግኒዚየም፣ መሠራቱም ኪሎውን ቀነሰው።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጣን ነበር። በ1949 የሮበርት ማካሎክ ኩባንያ 25 ፓውንድ ወይም 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ 3 የፈረስ ጉልበት ያለው የአንድ ሰው መጋዝ አወጣ።  ሽቲል በ1950 የራሱን የአንድ ሰው መጋዝ በ16 ኪሎ፣ በ1954 ሌላውን በ11 ኪሎ አቀረበ። በ1959 ያወጣው ኮንትራ የተባለው መጋዝ 12 ኪሎ መዝኖ 6 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከ30 ዓመት በፊት ያንኑ ጉልበት ለማግኘት 46 ኪሎ ያስፈልግ ነበር። ሞተሩ ያለ ካምቢዮ ሰንሰለቱን በቀጥታ ስለሚነዳው ሰንሰለቱ በጣም ፈጠነ። በዚያው ዓመት ከ1689 ጀምሮ ጠመንጃ ስትሠራ የኖረችው የስዊድኗ ሁስክቫርና የመጀመሪያዋን መጋዝ ለገበያ አወጣች።

በሶቪየት ኅብረት የተሄደበት መንገድ የተለየ ነው። ከ1955 ጀምሮ የተመረተው ድሩዥባ የተባለ መጋዝ እንደ ብስክሌት መሪ ከፍ ያለ ሁለት እጀታ ነበረው፤ ሠራተኛው ሳያጎነብስ ቆሞ ዛፉን ከሥሩ ይቆርጥበታል። ለማጋደምና ለማቆም ከሞተሩ ይልቅ መቁረጫው ይዞራል። ለጫካ ሥራ የታሰበና የወገብን ድካም ያየ ንድፍ ነው፤ ለቅርንጫፍ ግን አይመችም። በምዕራቡ ዓለም መጋዙ ዝቅ ብሎ ከወገብ በታች ሲያዝ፣ በሶቪየት አገሮች ለአሥርተ ዓመታት ይህ ረጅም እጀታ ብዙዎች የሚያውቁት የመጋዝ መልክ ነበር፤ መንደርተኛውም ማገዶውን በዚሁ ቆረጠ።

በ1963 ሆምላይት ኩባንያ ያለ መሪ ብረትና ያለ ሰንሰለት 12 ፓውንድ፣ ማለትም 5.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መጋዝ ይዞ ወጣ። አሁን መሣሪያው አንድ ሰው በአንድ እጁ ይዞት ወደ ጓሮ የሚወጣ ሆኗል። የመጠን ምርጫ እውነተኛ ጥያቄ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው፤ ገዢው ከአንድ ሱቅ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እያለ የሚያማርጥበት ዘመን መጣ። በዚሁ ጊዜ ሌላ ጉዳት ታወቀ። ቀኑን ሙሉ በመጋዝ የሚሠሩ ሰዎች ጣታቸው በብርድ እየነጣ ይደነዝዝ ጀመር፤ የሞተሩ ንዝረት የደም ሥሮቻቸውንና ነርቮቻቸውን ጎድቷቸዋል። በ1960ዎቹ እጀታውን ከሞተሩ በጎማና በምንጭ ብረት መለየት ተጀመረ። ለማገዶ ቆራጭ ንዝረት እንደ ክብደት ሁሉ መጠንን የሚወስን ነገር ነው፤ ትልቅ ሞተር ሥራውን ፈጥኖ ቢጨርስም እጅን አብዝቶ ያናውጣል።

በ1973 የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ማዕቀብ የነዳጅ ዋጋን ሲያንረው በአሜሪካ የእንጨት ምድጃ እንደገና ተፈላጊ ሆነ። ከመጥረቢያ ጋር ትውውቅ የሌለው የከተማና የከተማ ዳር ነዋሪ ምድጃና መጋዝ ገዝቶ ማገዶውን መቁረጥ ያዘ። ፋብሪካዎች ለእነዚህ አዲስ ገዢዎች በጣም ትንንሽ መጋዞችን አቀረቡ። ትንሽነቱ ግን ደኅንነት አልነበረም። የመሪ ብረቱ አፍንጫ የላይኛው ሩብ እንጨት ሲነካ ሰንሰለቱ ይያዛል፤ የሚሮጥበት ኃይል ሁሉ መሪ ብረቱን ወደ ላይና ወደ ያዘው ሰው ይወረውረዋል። ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ ይህ እርግጫ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ይደርሳል፤ የሚያርፈውም በፊት፣ በአንገትና በትከሻ ላይ ነው። ከባድ መጋዝ ክብደቱ ራሱ እርግጫውን በመጠኑ ይገታዋል፤ ቀላሉ መጋዝ ግን በቀላሉ ይወረወራል። ልምድ የሌለው ሰው ትንሹን መጋዝ ይዞ ከተከመረ እንጨት መሃል ሲገባ አደጋው የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሰንሰለት ፍሬን መጣ፤ ከፊት እጀታው በላይ ያለው መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱን ወዲያው ያቆማል። እርግጫን የሚቀንሱ ሰንሰለቶችና ጠባብ አፍንጫ ያላቸው መሪ ብረቶች ተከተሉ። በ1985 የወጣው የአሜሪካ የመጋዝ ደኅንነት ደረጃ ወሰኑን ያሰመረው በሞተር ይዘት ነው፤ ከ62 ሲሲ በታች የሆኑት፣ ማለትም ተራ ሰው የሚገዛቸው፣ የእርግጫ መከላከያ ማሟላት አለባቸው። ከዚያ በላይ ያሉት የባለሙያ ተደርገው ተቆጠሩ። በዚህ ድንጋጌ የማገዶ መጋዝና የጫካ ሠራተኛ መጋዝ በሲሲ ቁጥር ተለያዩ።

ዛሬ ማገዶ ቆራጮች መጠን የሚመርጡበት ደንብ ከዚህ ሁሉ የተረፈ ልምድ ነው። መሪ ብረቱ ዘወትር ከሚቆረጠው ግንድ ውፍረት በ5 ሴንቲሜትር ያህል ቢረዝም ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያጋጥመው ግዙፍ ግንድ ብሎ ረጅሙን መምረጡ ነው። ያንን አንድ ግንድ ከሁለት ወገን መቁረጥ ይቻላል፤ በ40 ሴንቲሜትር መሪ ብረት 70 ሴንቲሜትር ግንድ ይቆረጣል። ረጅሙ መሪ ብረት ግን በየቀኑ ይከብዳል፣ አፍንጫው ከማይታይ ቦታ ይደርሳል፣ መሬት ይነካና ሰንሰለቱን ያደነዝዛል።

ሞተሩ ከመሪ ብረቱ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ምክንያቱም ሥራው ከውፍረቱ ይልቅ በቁርጡ ስፋት ይለካል። 30 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ግንድ 15 ሴንቲሜትር ከሚሰፋው በአራት እጥፍ የበለጠ ፊት አለው። በትንሽ ሞተር ላይ ረጅም መሪ ብረት ሲታሰር ሰንሰለቱ በእንጨቱ ውስጥ ይደክማል፤ ሠራተኛው ይጫነዋል፤ መጫኑ ደግሞ ፍሪሲዮኑንና መሪ ብረቱን ያቃጥላል። ከ20 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ ቅርንጫፍና ቀጭን ግንድ ከ30 እስከ 40 ሲሲ የሆነ ሞተር ከ35 ሴንቲሜትር መሪ ብረት ጋር ይበቃል። በየዓመቱ ቤቱን በማገዶ የሚያሞቅና እስከ 40 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ግንድ የሚያጋጥመው ሰው ከ45 እስከ 55 ሲሲ ባለው፣ ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር መሪ ብረት በያዘ መጋዝ ይሠራል። እንደ ኦክ ያለ ጠንካራና የደረቀ እንጨት ሲበዛ ወደ 60 ሲሲ መጠጋት ተገቢ ነው። 70 ሲሲና ከዚያ በላይ የሆነው ለቤት ማገዶ ትርፍ ክብደት ነው። 40 ሴንቲሜትሩ መሪ ብረት ሌላ ጥቅምም አለው፤ ግንዱ ላይ ሲጋደም የጉማጁን ልክ ራሱ ያሳያል፤ የምድጃው ርዝመትና የመጋዙ ርዝመት የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

አገርም ልኩን ይለውጠዋል። በስካንዲኔቪያ ዛፉ ባብዛኛው ቀጭን ጥድና በርች ነው፤ ቆራጩ ጊዜውን የሚያጠፋው ቅርንጫፍ በመመልመል ስለሆነ አጭር፣ ከ33 እስከ 38 ሴንቲሜትር የሆነ መሪ ብረት ተለምዷል። በኖርዌይ ማገዶ የክብር ጉዳይ ነው፤ በ2011 የወጣው የላርስ ሚቲንግ የማገዶ መጽሐፍ በአገሩ እጅግ ተሽጧል፤ በ2013ም የአገሪቱ ሕዝባዊ ቴሌቪዥን ስለ ማገዶ 12 ሰዓት የፈጀ ፕሮግራም አስተላልፏል። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ግን ዛፉ ወፍራም፣ ቁልቁለቱም ብዙ ነው፤ 70 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝም መሪ ብረት የተለመደ ሲሆን፣ ማገዶ ቆራጩም የጫካ ሠራተኛውን ልማድ ይከተላል። በጀርመን ደግሞ እንጨት በ1 ሜትር ርዝመት ተከምሮ ይሸጥና ቤት ሲደርስ 25፣ 33 ወይም 50 ሴንቲሜትር ሆኖ ይቆረጣል፤ ለዚህ ሥራ አነስተኛ መጋዝ ይበቃል።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው የአገር ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ ሲያልቅ ባሕር ዛፍ ገባ። ነጭ ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ በየጥቂት ዓመቱ ገና ቀጭን ሳለ ይቆረጣል። ለአጣናና ለማገዶ የሚወጣው ግንድ በመጥረቢያ በጥቂት ምት የሚወድቅ ነው፤ ቅጠሉና ጭራሮው በሴቶች ጀርባ ከእንጦጦ ይወርዳል። በቀጭን ግንድ ላይ የሞተር መጋዝ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ነዳጁ፣ ሰንሰለቱና መለዋወጫው ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃሉ። መጋዙ ዋጋውን የሚመልሰው አርጅቶ የወፈረ ባሕር ዛፍ ሲጣል፣ ወይም ማገዶ በመኪና እየተጫነ ለንግድ ሲወጣ ነው፤ ለዚያም መካከለኛው መጠን ይበቃል።

የመጨረሻው ለውጥ ሽቲል በ1926 የጀመረበትን ኤሌክትሪክ መልሶ አምጥቷል፤ በዚህ ጊዜ ያለ ሽቦ። የሊቲየም ባትሪ መጋዞች ከ2010ዎቹ ጀምሮ እየተሻሻሉ መጥተው የ35 ሴንቲሜትሩን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ጭስ የለም፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይቆማሉ። መጠናቸው በሲሲ ሳይሆን በቮልትና ባትሪው በሚይዘው ኃይል ይነገራል፤ ስለዚህ ገዢው ከግንዱ ውፍረት ሌላ በአንድ ሙሌት ስንት ቁርጥ እንደሚያገኝ መጠየቅ አለበት። ሁለትና ሦስት ኮርድ የሚቆርጥ ቤተሰብ ትርፍ ባትሪ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ለሚበልጥና ወፍራም ግንድ ለበዛበት ሥራ ነዳጁ አሁንም ይመረጣል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2021 ያጸደቀውና ከ2024 ምርት ጀምሮ የሚሠራው ደንብ አዳዲስ ትንንሽ የነዳጅ ሞተሮች ከጭስ ነፃ እንዲሆኑ ያዛል፤ በመጋዝ ላይ ግን ወሰኑ 45 ሲሲ ነው። ከዚያ በታች ያለው ወደ ባትሪ ይሄዳል፤ 45 ሲሲና ከዚያ በላይ ያለው በፌደራሉ ሕግ የእርሻና የግንባታ መሣሪያ ተብሎ ስለሚቆጠር በነዳጅ ይቀጥላል።